ከባሕር ዳር ሆኖ ፍኖተ ሐሊብን ማንሳት፦ ጤዛው፣ ደመናውና የከተማው መብራት

የጣናዋ

ጤና ይስጥልኝ። ካሜራዬ ካነን 700ዲ ነው፤ ሌንሱ አብሮት የሚሸጠው 18–55። ትራይፖድ አለኝ። የማነሳው ከከተማው ሳልወጣ ከሐይቁ ዳር ነው፤ በ18 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 3.5 (የሌንሱ ቀዳዳ)፣ 25 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 6400።

ወደ ሐይቁ ሳዞረው ሰማዩ ጥቁር ይሆንልኛል፤ ፍኖተ ሐሊብ ግን የሳሳ ጭረት ብቻ ነው። ወደ ደቡብ ሳዞረው ግማሹ ፎቶ ብርቱካናማ ይሆናል። ከ40 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ኮከቡ ሁሉ የጥጥ ኳስ ይመስላል፤ ሌንሱን ስነካው ረጥቧል። ሰኔ ከገባ ወዲህማ ሰማይ የሚባል ነገር አይታይም።

የምጠይቃችሁ፦ ለዚህ አካባቢ የትኛው ወር ነው የሚሻለው? ከከተማ ብወጣ በየት በኩል ልውጣ? የከተማ መብራት ይቀንሳል የሚባለውን ማጣሪያ ልግዛ? ጤዛውንስ ምን ላድርገው? ኮምፒውተር አለኝ፣ ፕሮግራም ለመግዛት ግን አቅም የለኝም።

ዓባይ_ማዶ

እህቴ፣ ካሜራው በቂ ነው። ያስቸገረሽ የቆምሽበት ቦታና የዞርሽበት አቅጣጫ ነው።

ባሕር ዳር ያለችው በጣና ደቡባዊ ጫፍ ነው። ስለዚህ ከከተማው ዳርቻ ሐይቁን ፊት ለፊት ስታዪ ወደ ሰሜን እያየሽ ነው። ደማቁ የፍኖተ ሐሊብ እምብርት ግን የሚያልፈው በደቡብ በኩል ነው። ከሰማይ ወገብ 29 ዲግሪ ወደ ደቡብ ስለሚገኝ፣ 11.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ላለችው ባሕር ዳር ከ49 ዲግሪ በላይ ከፍ አይልም። የሚወጣው ከትክክለኛው ምሥራቅ 30 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ፈቀቅ ብሎ ነው። ሐይቁ ዳር ቆመሽ እሱን ስትፈልጊ መላው ከተማ ከፊትሽ ይደቀናል፤ ብርቱካናማው የሚመጣው ከዚያ ነው። ጨለማው ያለበት የሐይቁ ወገን ላይ ደግሞ እምብርቱ አይደርስም።

ስለዚህ ቦታ ስትመርጪ መጀመሪያ «ከተማው በየት በኩል ይሆንብኛል?» ብለሽ ጠይቂ፤ ኪሎሜትሩ ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ዘጌ 20 ምናምን ኪሎሜትር ሄደሽ በሚያዝያ ሌሊት እምብርቱ ሲወጣ ብትጠብቂ፣ ባሕር ዳር ከዘጌ ደቡብ ምሥራቅ ስለሆነች እንደገና መብራቱ ላይ ነው የምታነጣጥሪው። ወደ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎሜትር ያህል ብትሄጂ ግን ከተማው በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከጀርባሽ ይቀራል፤ ደቡብ ምሥራቁም ደቡቡም ነጻ ነው። በአዴት መንገድም እንዲሁ፦ ከተማው በሰሜን ይቀራል፣ መሬቱ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከሐይቁ እርጥበትና ከቆላው ጭጋግ ከፍ ትያለሽ። ለእምብርቱ ብቻ ከሆነ የእኔ ምርጫ የአዴት መንገድ ነው። የትንንሾቹ ከተሞች መብራት እንዳይረብሽሽ አልፈሻቸው ቁሚ፤ ከፊትሽ ሳይሆን ከኋላሽ ይሁኑ።

ፍኖተ ሐሊብንና ሐይቁን በአንድ ፎቶ ካልሽ ደግሞ ሰሜናዊው ዳርቻ፣ ጎርጎራ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ስታዪ መላው ጣና ከፊትሽ ይተኛል፤ የባሕር ዳር ብርሃን ከውሃው ማዶ ከአድማሱ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ብሎ ይታያል እንጂ እምብርቱን አይነካውም። ካሜራውን በቁመት አቁሚው፤ በ18 ሚሊሜትር ከታች እስከ ላይ 63 ዲግሪ ያህል ይይዝልሻል፣ ውሃውም ሰማዩም ይገባል። ከመሄድሽ በፊት ግን ዳርቻው እምቦጭ እንዳልያዘው የአካባቢውን ሰው ጠይቂ። በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ በተለይ ክረምቱ ሲወጣ በብዛት ይታያል፤ እምቦጭ የሸፈነው ውሃ ነጸብራቅ አይሰጥም።

ስለ ወሩ። መቸገርሽ አያስገርምም፤ እምብርቱ በምሽት ከፍ ብሎ የሚታየው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው፣ ልክ ክረምቱ ሲዘጋው። የሚተርፉት ሁለት መስኮቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት አጋማሽ፣ በአብዛኛው ከእኩለ ሌሊት በኋላ። እምብርቱ ወጣ ተብሎ ወዲያው አይነሳም፤ ከ30 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ ጠብቂ፣ ከወጣ በኋላ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። በ12 ዲግሪ ከፍታ ላይ ያለ ኮከብ ብርሃኑ የሚያቋርጠው አየር ከአናት በላይ ካለው አምስት እጥፍ ሊደርስ ምንም አይቀረውም፤ በ30 ዲግሪ ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። በየካቲት መጨረሻ 30 ዲግሪ የሚደርሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው፤ ጎሕ ከመቅደዱ በፊት አንድ ሰዓት ተኩል ታገኛለሽ። በመጋቢት አጋማሽ 9 ሰዓት፣ በሚያዝያ አጋማሽ 7 ሰዓት፣ በግንቦት አጋማሽ ከምሽቱ 5 ሰዓት። ይህን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። ስቴላሪየም የሚባለው የሰማይ ካርታ ፕሮግራምና የስልክ መተግበሪያዎች በፈረንጅ ሰዓት ስለሚያሳዩ ስድስት ሰዓቱን አስቢ፤ ሌሊት ላይ ቀኑም ስለሚዞር ብዙ ሰው በአንድ ቀን ይሳሳታል።

የዚህ መስኮት ጠላት ደመና ሳይሆን አቧራና ጭስ ነው። በበጋው መጨረሻ ማሳና ቁጥቋጦ ይቃጠላል፣ አየሩ ይደፈርሳል፣ ኮከቦቹ ጠራ ባለ ሌሊት እንኳ ቡናማ ሆነው ይወጣሉ። በሚያዝያ ወይም በግንቦት አንድ ዝናብ ጥሎ በማግስቱ ሰማዩ ከጠራ፣ ሌላውን ሁሉ ትተሽ ውጪ። ያ ሌሊት የታጠበ አየር ነው።

ሁለተኛውን መስኮት ብዙ ሰው አያውቀውም፦ ክረምቱ እንደወጣ፣ የጥቅምት የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ። ጨለማው ሲሞላ እምብርቱ በደቡብ ምዕራብ 36 ዲግሪ ያህል ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል፤ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ባነሰ ጊዜ ወደ 25 ዲግሪ ይወርዳል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ይጠልቃል። አጭር ነው፣ ግን አየሩ የዓመቱ ንጹሕ አየር ነው። በዚህ ጊዜ ዘጌም ይሆንልሻል፤ እምብርቱ በደቡብ ምዕራብ፣ ከተማው በደቡብ ምሥራቅ ስለሆነ አይገናኙም።

ሁለቱም መስኮቶች ላይ ጨረቃ ከጠፋችበት ቀን አራት ቀን ወዲህ፣ አራት ቀን ወዲያ ያዢ።

ሬዚስተር

ስለ ጤዛው እኔ ልመልስ።

መስታወት ለጠራ ሰማይ ሲጋለጥ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል፤ ከዙሪያው አየር ይልቅ እሱ ይቀዘቅዛል። ሐይቅ ዳር አየሩ በእርጥበት የሞላ ስለሆነ የመስታወቱ ሙቀት ትንሽ ዝቅ እንዳለ ውሃው ይያዝበታል። የአየሩ ሙቀትና የጤዛ ነጥቡ (ጤዛ መያዝ የሚጀምርበት ሙቀት) በ3 ዲግሪ ወይም ከዚያ ባነሰ ከተቀራረቡ አብዛኛውን ጊዜ ይረጥባል፤ ሁለቱንም ቁጥር የአየር ሁኔታ መተግበሪያዎች ያሳያሉ። መጥረግ መፍትሔ አይሆንም። ጠርገሽው በአሥር ደቂቃ ይመለሳል፣ ጨርቁ ፎከሱን ያንቀሳቅሰዋል፣ በላዩ አቧራ ካለ ደግሞ መስታወቱን ይቧጭረዋል።

መጀመሪያ የሌንሱን ኮፍያ (ሁድ የሚባለውን፣ ከፊት የሚገጠመውን ጥላ) ግጠሚ፤ ለሰማይ የሚጋለጠውን ይቀንስልሻል፣ ጤዛውን ግን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ዋናው ነገር ሌንሱን ከአየሩ ሁለትና ሦስት ዲግሪ ሞቅ አድርጎ ማቆየት ነው። የተሠራ ማሞቂያ ቀበቶ ካገኘሽ ግዢ። ካላገኘሽ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከሚጠግን ቤት 12 ሬዚስተር ግዢ፦ እያንዳንዱ 100 ኦም፣ ግማሽ ዋት። ሁለት ለስላሳ ሽቦ ዘርግተሽ ሬዚስተሮቹን እንደ መሰላል ርካብ በመካከላቸው በሊድ አስበይጂ፤ አንዱ እግር ከአንዱ ሽቦ፣ ሌላው እግር ከሌላው። ሁሉም ጎን ለጎን ስለሚሆኑ ጠቅላላው 8.3 ኦም ይመጣል። በ5 ቮልት 0.6 አምፔር ይስባል፣ 3 ዋት ሙቀት ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ሬዚስተር የሚሸከመው ሩብ ዋት ብቻ ስለሆነ አይቃጠልም። ጫፉን ከተቆረጠ የዩኤስቢ ገመድ ቀይና ጥቁር ሽቦ ጋር አገናኚው። ሽቦዎቹ እንዳይነካኩ በኤሌክትሪክ ቴፕ ሸፍነሽ በጨርቅ ስፊው፤ ከዚያ ከፊተኛው መስታወት አጠገብ በሌንሱ ዙሪያ እሰሪው። የፎከስና የዙም ቀለበቱን እንዳይነካ ተጠንቀቂ።

10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የተጻፈበት ፓወር ባንክ ከብክነቱ በኋላ 30 ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። በ3 ዋት ሌሊቱን ሙሉ ማለት ነው፤ የተጻፈበትን የማይሰጥ ከሆነ እንኳ ግማሽ ሌሊት ያደርስሻል። ፓወር ባንኮች የሚሳበው ኃይል በጣም ሲያንስ ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ 0.6 አምፔር ግን ለዚያ አያሰጋም።

አብሪው ከመጀመሪያው ነው፣ ጤዛው ከያዘ በኋላ አይደለም። 3 ዋት ጤዛን ይከለክላል፤ የያዘውን ለማድረቅ ግን ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። ፎከስ የምታደርጊውም ሌንሱ ከሞቀ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይሁን፤ ሙቀቱ ሲለወጥ ፎከሱ ይንሸራተታል።

የጣናዋ

ሁለታችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ማጣሪያውን አልመለሳችሁልኝም። ሁለተኛ፣ 25 ሰከንድ ብዙ ነው? ኮከቦቹን አጉልቼ ሳያቸው ወደ ጎን የተጎተቱ ይመስላሉ።

ራው_ብቻ

ብዙ ነው። የ700ዲ አንድ ፒክስል በ18 ሚሊሜትር 49 የቅስት ሰከንድ ያህል ሰማይ ይይዛል (አንድ ዲግሪ 3,600 የቅስት ሰከንድ ነው)። በእምብርቱ አካባቢ ያለ ኮከብ በ25 ሰከንድ ውስጥ ወደ 7 ፒክስል ይጓዛል፤ ጭረት የሆነው ለዚያ ነው። «500 ለሌንሱ ማካፈል» የሚባለው ደንብ ለአንቺ ካሜራ 17 ሰከንድ ይሰጣል፤ የወጣው ግን በፊልም ዘመን ነው። 500ውን በ300 ተኪው፦ 300 ሲካፈል ለ28.8፣ ማለትም 18 ሲባዛ በ1.6 (የካሜራሽ ሴንሰር ከሙሉ ፍሬም የሚያንስበት እጥፍ)፣ ወደ 10 ሰከንድ። ጉዞው ከ3 ፒክስል በታች ይወርዳል።

«በ10 ሰከንድ ጨለማ ይሆንብኛል» ካልሽ መልሱ ብዙ አንስቶ መደረብ ነው። በአይኤስኦ 3200፣ ኤፍ 3.5፣ 10 ሰከንድ፣ 36 ፎቶ በተከታታይ። ጠቅላላው ስድስት ደቂቃ ነው። ሲደረቡ ጉርብጥብጡ (ኖይዝ የሚባለው፣ በጨለማ ፎቶ ላይ የሚረጨው ነጠብጣብ) በስድስት እጥፍ ይቀንሳል፤ የ36 ሥር 6 ነውና። አይኤስኦ 6400 ላይ ምንም አታተርፊም፣ የደማቆቹን ኮከቦች ቀለም ግን ታጪያለሽ። ወዲያው ሌንሱን ከድነሽ፣ ምንም ሳትለውጪ 10 ጥቁር ፎቶ አንሺ፤ ፕሮግራሙ የካሜራውን የጋሉ ፒክስሎች የሚያውቀው በእነሱ ነው።

ለመደረብ ሲኳተር የሚባለው ፕሮግራም ነጻ ነው፤ ሰማዩን ለይተሽ ብትቀቢለት መሬቱን ሳያደበዝዝ ኮከቦቹን ብቻ ያሰልፋል። ሲሪልም ነጻ ነው፤ ከአንድ ጎን የገባውን የከተማ ብርሃን ከጀርባው ላይ ለማንሳት እሱ ይሻላል። በራው (ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል) አንሺ። ነጩን ሚዛን 4000 ኬልቪን ላይ ቆልፊው፤ አውቶማቲክ ከተውሽው ከፎቶ ፎቶ ቀለሙ ይለዋወጣል።

ፎከስ፦ ይህ ሌንስ የርቀት ምልክት የለውም፣ ቢኖረውም ማለቂያ የለሽ የሚለው ምልክት ትክክል አይሆንም። ወደ ማንዋል አዙሪው፣ ማረጋጊያውንም አጥፊ። ላይቭ ቪው ላይ (በካሜራው ስክሪን እያየሽ) ደማቅ ኮከብ ፈልጊና 10 እጥፍ አጉዪው። ቀለበቱን በጣም በዝግታ አዙሪ። ነጥቡ እየጠበበ ይሄዳል፤ አንድ ቦታ ላይ ትንሹን ይሆንና እንደገና መስፋት ይጀምራል። ያን ትንሹን ካለፍሽው በኋላ ነው የምታውቂው፤ ተመለሺና ያዢው። ልክ ላይ ስትደርሺ ከጎኑ ሌሎች ደብዛዛ ኮከቦች በድንገት ብቅ ይላሉ። እነሱን ስታዪ እጅሽን አንሺ፣ ቀለበቱን በወረቀት ቴፕ አሽጊው።

ማጣሪያውን አትግዢ። እነዚያ ማጣሪያዎች የሚቆርጡት 589 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን የድሮውን የሶዲየም መብራት ቢጫ ነው። ነጭ ኤልኢዲ በሁሉም ቀለም ስለሚያበራ አያግደውም፤ አብሮ የኮከቡን ብርሃን ይቀንሳል። ያን ገንዘብ ለአዴት መንገድ ትራንስፖርት አውዪው፣ የተረፈውን ለሁለተኛ ባትሪ።

ዓባይ_ማዶ

በዚህ እስማማለሁ። ስለ ደመናው አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚታለልበት ስለሆነ። ጣና ዳር ቀኑ ጠርቶ ዋለ ማለት ሌሊቱ ይጠራል ማለት አይደለም። ቀን ላይ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ምድር ይነፍሳል፤ ደመናው ተራሮቹ ላይ ይከማቻል። ሌሊት ምድሩ ከውሃው ቀድሞ ይቀዘቅዝና ነፋሱ ይገለበጣል፤ ቀዝቃዛው አየር ሞቃቱን ሐይቅ እየወረረ እርጥበቱን ወደ ላይ ያነሳዋል። የክረምቱ ዝናብ በሐይቁ ዙሪያ ሌሊት የሚበረታው በዚህ ነው። በሰኔ መጀመሪያና በመስከረም መጨረሻ ትንበያው «ጥርት ያለ» ቢልሽም ከመነሳትሽ በፊት የሜቴኦሳትን የሳተላይት ምስል ተመልከቺ፤ በየጥቂት ደቂቃው ይታደሳል፣ ዊንዲ መተግበሪያ ላይም በነጻ አለ። አንዱን ምስል ሳይሆን ያለፈውን ሁለት ሰዓት አጫውቺና ደመናው ወዴት እንደሚሄድ ተከታተዪ። በሌሊት የሚታየው የኢንፍራሬድ ምስል ነው፤ ዝቅ ያለ ደመናና ጉም ሙቀቱ ከመሬቱ ጋር ስለሚመሳሰል በደንብ አይለይም። ስለዚህ ምስሉ ባዶ ቢሆንም እርጥበቱ ከ90 በመቶ በላይ ከሆነ ጉም ጠብቂ።

ወደ ጢስ ዓባይ ከሄድሽ ፏፏቴው ፊት ለፊት አትቁሚ፤ ፍንጣቂው ከጤዛ የባሰ ነው። የኃይል ማመንጫውም እዚያው ስለሆነ መብራትና ጥበቃ አለ፤ ወደ ግድቡና ወደ ማመንጫው ካሜራ አታዙሪ። ከየትኛውም ቦታ በፊት የሌሊት እንቅስቃሴ መፈቀዱን ከቀበሌው አረጋግጪ፣ የአካባቢውን ሰውም ይዘሽ ሂጂ።

ደንገል

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ ጉማሬ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢና በደንገሉ ዳርቻ ሌሊት ወደ ሣር ይወጣል። ወደ ውሃው የሚመለስበትን መንገድ ዘግተሽ ከቆምሽ ነው አደጋው። የተጠረገ የደንገል መተላለፊያ፣ የተረጋገጠ ጭቃና ትልልቅ የእግር ዱካ ካየሽ እዚያ ትራይፖድ አትትከዪ። ትንኙንም አትናቂው፤ ጣና ዳር ወባ አለ። ረጅም እጅጌ ልበሺ፣ ነጭ ባትሪ አታብሪ። ቀይ ብርሃን ነፍሳትን ያን ያህል አይስብም፣ ዓይንሽም ከጨለማው ጋር እንደተላመደ ይቆያል።

ደሴቶቹ ላይ ማንሳት ከፈለግሽ ከገዳሙ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ደግሞ ሴት አይገባም።

ራው_ብቻ

የከተማውን ዳርቻ ጨርሰሽ አትተዪው፤ ለአንድ ነገር ከሁሉም ይበልጣል። የሰሜን ኮከብ ከባሕር ዳር 11.6 ዲግሪ ከፍታ ላይ፣ ልክ ከሐይቁ በላይ ነው ያለው። መብራቱ ከጀርባሽ፣ ጨለማው ከፊትሽ። የኮከቦቹን ዙረት ብታነሺ ከውሃው ተነስተው በቅስት ዞረው ተመልሰው ውሃው ውስጥ ይገባሉ። ወደ ሰሜን ራቅ ባለ አገር ያ ኮከብ ከፍ ስለሚል እንዲህ ዓይነት ፎቶ አይገኝም። ሌሊት ነፋሱ ከምድር ወደ ሐይቁ ስለሚነፍስ ዳርቻው አጠገብ ያለው ውሃ የተጠለለ ነው፤ ጎሕ ሊቀድ ሲል ነጸብራቁ ይበልጥ ይረጋል። ይህ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር፣ እምብርቱ በደንብ በማይታይባቸው ጥርት ያሉ ሌሊቶች የሚሠራ ነው።

30 ሰከንድ፣ ኤፍ 4፣ አይኤስኦ 800፣ ያለማቋረጥ ለአንድ ሰዓት፤ የአንድ ሰዓት ቅስት 15 ዲግሪ ነው፣ ሁለት ሰዓት ቢሆን ያምራል። የ700ዲ የገመድ መጫኛ 2.5 ሚሊሜትር መሰኪያ ነው። ካሜራውን ተከታታይ ላይ አድርጊና የገመዱን ቁልፍ ወደፊት ገፍተሽ ቆልፊው። ሰዓት ቆጣሪ ገመድ ከተጠቀምሽ ግን ተጠንቀቂ፦ ካሜራው ላይ 30 ሰከንድ የሚለው በተግባር 32 ሰከንድ ነው። ክፍተቱን 31 ካደረግሽው ካሜራው ገና እያነሳ ሳለ ትዕዛዙ ይመጣና ያልፈዋል፤ ቅስቱ የተቆራረጠ ይሆናል። 34 አድርጊው። የረጅም ጊዜ ጉርብጥብጥ ማጥፊያውንም ከካሜራው ዝርዝር አጥፊ፤ ካልጠፋ ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ሌላ 30 ሰከንድ ይወስዳል። መደረቢያው ስታርስታክስ ነው፣ ነጻ።

የጣናዋ

ይህን ሁሉ በወረቀት ገልብጬዋለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከክረምቱ እስክወጣ ካሜራውን እንዴት ላስቀምጠው? ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ እንዳይገባ ፈራሁ። ሩዝ ውስጥ አስቀምጪው የሚሉኝ አሉ።

ሬዚስተር

የፎገራ ሩዝ ለምግብ ነው፤ እርጥበት የመሳብ አቅሙ ደካማ ነው፣ ዱቄቱም ቀለበቱ ውስጥ ይገባል። ክዳኑ ላስቲክ ያለው የምግብ ዕቃ ግዢና ሲሊካ ጄል ጨምሪበት። ጫማና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚገኘው ከረጢት ራሱ ይሠራል፣ ግን ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ጠግቧል፤ ከከረጢቱ አውጥተሽ በብረት ድስት በትንሽ እሳት ለአንድ ሰዓት ያህል አድርቂው። ቀለሙን የሚለውጥ ዓይነት ከሆነ ሲጠግብ ስለሚታወቅሽ ደግመሽ ታደርቂዋለሽ። ካሜራውን በቆዳ ቦርሳው ውስጥ አታስቀምጪ፤ ቆዳና ጨርቅ እርጥበት ይይዛሉ።

ከሌሊት ቀረጻ ስትመለሺ ደግሞ ቤት ከመግባትሽ በፊት፣ ገና ውጭ ሳለሽ፣ ካሜራውን በፕላስቲክ ከረጢት ከተሽ አፉን እሰሪው። የቤቱ ሞቃት አየር ቀዝቃዛው ካሜራ ላይ ሳይሆን ከረጢቱ ላይ ይረጥባል። ሜሞሪ ካርዱንም እዚያው ውጭ አውጪው፤ ካርዱን ለማግኘት ተብሎ ነው ሁልጊዜ ከረጢቱ ቶሎ የሚከፈተው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አትፍቺው።